እርሙ ያልወጣ ሐዘንና የልጅ ልጆች ብዕር

በአገራችን ሰው ሲሞት የሐዘኑ ሥራ የሚበዛው በሴቶች ላይ ነው። ድንኳን መትከሉና መቃብር መቆፈሩ የወንዶች ቢሆንም፣ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ ለቀስተኛ የምታስተናግደው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሟቹን ስምና ሥራ እያነሣች የምታለቅሰውና የምታስለቅሰው ሴት ናት። አልቃሽ በአንድ በኩል ታሪክ ነጋሪ ናት። ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ፣ የት እንደዋለ፣ ለማን ደግ እንደነበር፣ ማንን ጥሎ እንደሄደ በሙሾዋ ትዘረዝራለች፤ ልጆች ስለ አያታቸው ብዙውን ነገር የሚሰሙት ያን ቀን ነው። ይህ ሁሉ በወጉ ሲፈጸም «እርማችንን አወጣን» ይባላል። ወጉ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። ሆኖም እዚህ ሐዋሳ ውስጥ ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጉራጌ፣ ከአማራና ከኦሮሞ ቤት የመጣን አባላት ስንነጋገር፣ ያልተለቀሰለት ሞት ያላለቀ ሞት መሆኑ ላይ ማናችንም አልተለያየንም።

ይህን ያስቀደምነው ቀይ ሽብር በተባለው ዘመን በእናቶቻችን ላይ የሆነውን ለመረዳት ስለሚያግዝ ነው። ሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በአዲስ አበባ አብዮት አደባባይ፣ በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ሰባብረው የአብዮቱ ጠላቶች ያሏቸውን ሰዎች ደም ለማፍሰስ ዛቱ። ግድያው ከዚያ በፊትም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቀበሌውም፣ ከፍተኛውም፣ አብዮት ጠባቂውም መሣሪያ ይዞ የሚፈርድ ሆነ። የኢሕአፓ ናቸው የተባሉ፣ ቆይቶም የመኢሶንና የሌሎች ድርጅቶች አባላት ተለቅመው ታሰሩ፣ ተገደሉ። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የአንዳንዶቹ አስከሬን ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት በየመንገዱ ዳር ተጣለ። ልጇን እዚያ ያገኘች እናት ጮኻ ማልቀስ አትችልም፤ ጥቁር መልበስ አትችልም፤ ድንኳን መትከልማ አይታሰብም። አስከሬኑን ለመውሰድ ልጃቸው የተገደለበትን ጥይት ዋጋ የከፈሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ከፍለው የሚወስዱትም አላገኙም።

አልቃሽ ታሪክ ነጋሪ ከሆነች፣ ልቅሶን የከለከለ ታሪክንም ከልክሏል። ስሙ ሳይጠራ፣ ሥራው ሳይዘረዘር የቀረ ልጅ ለእኅቶቹ ልጆች ምን ሆኖ ይደርሳቸዋል? አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ፎቶግራፍ፣ ከዚያም «ተወው፣ ሆድ ይፍጀው» የሚል መልስ ሆኖ። ያልኖሩበትን ዘመን ሐዘን እንዲህ የወረሱ ልጆችና የልጅ ልጆች በየአገሩ ጽፈዋል፤ በማኅበራችን ለጀመርነው የቤተሰብ ታሪክ ምዝገባ ይጠቅመናል ያልነውን ከእነርሱ ጽሑፍ መርጠን እዚህ አቅርበናል።

አንድ የሚገርም ገጠመኝ አለ። በዚያው በ1969 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ጠርሙሶቹ ከተሰበሩ ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ጥቂት እናቶች በቤተ መንግሥቱ ፊት ባለው አደባባይ ተሰብስበው ወታደሩ መንግሥት ወስዶ የሰወረባቸውን ልጆቻቸውን ጠየቁ። በየሳምንቱ እየተመለሱ አደባባዩን መዞር ያዙ። ኋላም በራሳቸው ላይ ያሰሩት ነጭ ሻሽ የዓለም ምልክት ሆነ። የእኛ እናቶች እንዲያ ማድረግ አልቻሉም፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መውጣት እንኳ ያስጠይቃቸው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ሁለቱ አገሮች ተገናኙ። በአርጀንቲና የተሰወሩትን አፅም እየቆፈሩ ሲለዩ ሙያውን የተካኑ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የጅምላ መቃብሮችን በመክፈት ረድተዋል። በቦነስ አይረስ እናቶች ጥያቄ የዳበረ ዕውቀት ለኢትዮጵያ እናቶች ደረሰ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በስብሰባችን ላይ ካከራከሩን ነገሮች አንዱ ስሙ ነበር። «ቀይ ሽብር የዘር ማጥፋት ይባላል ወይ? የተገደሉት ከሁሉም ብሔር አይደለም ወይ?» ያሉ እኅቶች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ስምምነት ብሔርን፣ ዘርን፣ ጎሣንና ሃይማኖትን እንጂ የፖለቲካ ቡድንን አይጠቅስም። ያን ስምምነት በፊርማ ብቻ ሳይወሰኑ ካጸደቁት አገሮች መካከል ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ስትሆን፣ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓ ደግሞ ከስምምነቱ አልፎ በአንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድኖችንም ጨመረ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግ ባለሥልጣናትን የከሰሰው በዚህ አንቀጽ ነው። ችሎቱ በ1987 ዓ.ም. ተከፍቶ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ወደ ዚምባብዌ የሸሹትን መንግሥቱን በሌሉበት፣ ሌሎቹንም ጭምር በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ አለ፤ የዕድሜ ልኩን ፍርድ በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ቅጣት ከፍ አደረገው። ከዳኞቹ መካከልም በቃሉ ያልተስማማ ስለነበር እኛ መከራከራችን አያስደንቅም። በአገራችን ሕግና በፍርድ ቤቱ ውሳኔ ግን የእነዚያ ተማሪዎች እናቶች፣ እኅቶችና ልጆች የዘር ማጥፋት ተጎጂ ቤተሰቦች ናቸው። ስለ ቃሉ ከዚህ በላይ አንልም፤ ከቃሉ ይልቅ የምናውቀው ስንቁን ነው።

ስንቅ የምንለው ለእስረኛ የሚወሰደውን ምግብ ነው። (ለውጭ ደጋፊዎቻችን ስንል እናስረዳ፦ በዚያ ዘመን እስረኛን የሚመግበው ቤተሰቡ ነበር፤ ይህም ማለት እናቱ፣ እኅቱ ወይም ሚስቱ ናት።) ሴቶች በጠዋት ተነሥተው እንጀራውን ጠቅልለው፣ ወጡን በሳህን አድርገው፣ በእግራቸው እስር ቤት ደጃፍ ድረስ ሄደው ይሰለፋሉ። ዘበኛው ስም ይጠራል፤ ስንቁ ይገባል፤ የትናንቱ ባዶ ሳህን ይወጣል። የሳህኑ ባዶ ሆኖ መመለስ ልጁ በሕይወት ለመኖሩ ማስረጃ ነው። አንድ ቀን ግን ስንቁ ሳይነካ ይመለሳል፤ ወይም «ከእንግዲህ አታምጪ» ይባላል፤ ወይም ልብሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይሰጣል። መርዶው ይኸው ነው። መርዶ በእኛ ወግ ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ የሚነገር ነገር መሆኑን ለሚያውቅ፣ በሰልፍ መካከል ሙሉ ሳህን ተቀብሎ መመለስ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ከአባላቶቻችን የአንዷ እናት ያን ሳህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ከሌላው ዕቃ ለይተው አስቀምጠውታል። ልጆቻቸው ለምን እንደማይበላበት የተረዱት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ውርስ ምሁራን ስም አውጥተውለታል። አይሁድ በናዚዎች እጅ ካለቁበት ዘመን ከተረፉ ወላጆች የተወለደችው ማሪያን ኸርሽ፣ ወላጆች ያዩትን ልጆች ሳያዩት እንዳዩት ሆነው ማደጋቸውን «ድኅረ ትዝታ» ልንለው በምንችል ቃል ጠርታዋለች። ልጁ የሚያስታውሰው ድርጊቱን አይደለም፤ የእናቱን ዝምታ፣ በር ሲንኳኳ መደንገጧን፣ ፎቶግራፉን ነው። የቀረውን በሐሳቡ ይሞላዋል። የዚህ ዓይነት ጽሑፍ አስቸጋሪነቱም ከዚህ ይጀምራል፦ የሞላሁትን ከሰማሁት እንዴት ልለየው?

የእኛዎቹ ጸሐፊዎች ለዚህ ጥያቄ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ሕይወት ተፈራ በ2012 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመላትን «ማማ በሰማይ» ስትጽፍ ራሷ የኖረችውን ነው የተረከችው። በኢሕአፓ ውስጥ ነበረች፤ ዓመታት በእስር አሳልፋለች። የምትወደው ጌታቸው ማሩ የሞተው በደርግ ሳይሆን በገዛ ድርጅታቸው ሰዎች እጅ ነው፤ ይህንንም አልደበቀችም። በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ድፍረት እርሱ ነው። ሳሌም መኩሪያ ደግሞ የጠፋባትን ወንድሟንና የተገደለችባትን የልብ ጓደኛዋን በፊልም ፈለገቻቸው፤ «የወንዝ ማዕበል» የተባለው ዘጋቢ ፊልሟ ከቤተሰብ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ተነሥቶ የአገር ታሪክ ይሆናል። እነዚህ የትውልዱ እኩዮች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት ልጆች ሁኔታ ይለያል።

መዓዛ መንግሥቴ ከቤተሰቧ ጋር ከአዲስ አበባ ስትወጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በአብዮቱ ዘመን ስለተናጋ የአንድ ሐኪም ቤተሰብ ነው። የአራት ዓመት ልጅ የሚያስታውሰው ጥቂት ስለሆነ ልብ ወለድን መምረጧ ሐቀኛነት ይመስለናል፤ «ይህ የሆነ ነው» ሳትል «ይህን የመሰለ ነበር» አለች። እኛን ይበልጥ የነካን ግን ከሁለተኛው መጽሐፏ፣ በ2019 ከወጣውና ስለ ጣሊያን ወረራ ከሚተርከው «ጥላው ንጉሥ» ጋር የተያያዘው ታሪክ ነው። ስለ ሴት አርበኞች ዓመታት ሙሉ መዝገብና ፎቶግራፍ ስታገላብጥ ከቆየች በኋላ፣ የገዛ ቅድመ አያቷ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ እንደነበሩ ከእናቷ ሰማች። ንጉሡ እያንዳንዱ ቤት የበኩር ልጁን ወደ ጦር እንዲልክ ሲያዙ፣ የቤቱ በኩር እርሳቸው ነበሩ። አባታቸው ጠመንጃውን ለባላቸው ሊሰጡ ቢነሡ፣ ሽማግሌ ፊት ቆመው ተከራክረው፣ ረትተው፣ ጠመንጃውን ይዘው ዘመቱ። እናትየው ይህን ለምን እስከዚያ አልነገሯትም ቢባል፣ ልጅቱ ጠይቃ ስለማታውቅ ነው። የዓለምን ቤተ መዛግብት የበረበረች ጸሐፊ ዋናውን ነገር ያገኘችው ከእናቷ ዘንድ ሆነ። ይህን በስብሰባ ስናወራ ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሁላችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን።

አይዳ ዕደማርያም ሌላ መንገድ ይዛለች። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው መጽሐፏ የአያቷ የሕይወት ታሪክ ነው። አያቷ በስምንት ዓመታቸው ለካህን የተዳሩ የጎንደር ሴት ሲሆኑ፣ ወረራውንም፣ ንጉሡንም፣ አብዮቱንም በማጀት በኩል አይተዋል። አይዳ ለዓመታት እየተመላለሰች አነጋገረቻቸው፤ መጽሐፉንም የከፋፈለችው በእኛው ወሮች ነው፦ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለች። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነበር። እናቶቻችን «በ1970 ዓ.ም.» ብለው አይነግሩንም። «የጥምቀት ማግስት ነበር»፣ «ጤፍ የሚታጨድበት ወር»፣ «አንቺ ጡት የጣልሽ ጊዜ» ይሉናል። ጠያቂዋ ዓመተ ምሕረት ስታስጨንቅ ወሬው ይቆማል። እንዲፈስ ከተተወ ግን ዓመቱን ከጎን ማግኘት ይቻላል። ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በኅዳር 1967 መረሸናቸው፣ በዚያው ዓመት ዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጀመሩ፣ ቀበሌዎች መቋቋማቸው፣ በ1969 የብር ኖቱ መለወጡ፣ የሶማሌ ጦርነት፣ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መታወጁ ችካል ይሆናሉ። «ወንድሜን የወሰዱት ብሩ ከተቀየረ ወዲህ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው» ያለች እናት፣ ሳታውቀው ዘመኑን ከሦስት ዓመት በማይበልጥ አጥር ውስጥ አስገብታ ነግራናለች።

ኢትዮጵያ የራሷን ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም የዘር ማጥፋት ትዝታ አሳድጋለች። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በአርመን ገዳም የሙዚቃ ባንድ ሆነው ተቀበሏቸው። አርባ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ቀርቷል። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በኋላ መጥተው ለዘመናዊ ሙዚቃችን ብዙ ደከሙ። በየትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ ያን መዝሙር የዘመሩ እናቶቻችን፣ ዜማው ከዘር ማጥፋት የተረፉ ልጆችን ካሳደገ ሰው እጅ እንደመጣ ማን ነግሯቸው?

ስለ አዲስ አበባ አርመኖች በ2013 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ያሳተመው ታሪክ ጸሐፊ ቦሪስ አጀሚያን ልብ ያለው አንድ ነገር ለእኛም ሥራ ይረባል። አርመኖች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት ከአርባዎቹ ልጆች አስቀድሞ ነው፤ በዘሮቻቸው አፍ ላይ ጎልቶ የቀረው ግን የንጉሡ ደግነትና የአርባዎቹ መምጣት ነው። የወረስነው ትዝታ ይመርጣል ማለት ነው። የመትረፍ ታሪክ ለመንገር ይቀላል፤ እንግዳ ፊትም ያምራል። ከዚያ በፊት ያለው፣ ልጆቹን ወላጅ አልባ ያደረገው ነገር፣ ወደ ኋላ ይቀራል። በእኛም ቤት «አጎትሽ ጎበዝ ተማሪ ነበር» የሚለው ሃያ ጊዜ ይነገራል፤ እንዴት እንደሞተ አንድ ጊዜ እንኳ አይነገርም። ሁለቱም ውርስ ነው፤ ጸሐፊዋ የሚነገረውን ብቻ ይዛ እንዳትሄድ ግን መጠንቀቅ አለባት።

ከአህጉራችን ልጆች አንዷን ሳንጠቅስ አናልፍም። ሩዋንዳዊቷ ስኮላስቲክ ሙካሶንጋ እናቷም ሌሎች ብዙ ዘመዶቿም በ1994 እ.ኤ.አ. የቱትሲዎች እልቂት ተገደሉ፤ እርሷ ያን ጊዜ በፈረንሳይ ነበረች። እናቷ በሕይወት ሳሉ ሴት ልጆቻቸውን ደጋግመው ያሳስቡ ነበር፦ ሲሞቱ ሰውነታቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑላቸው፣ የእናትን ሬሳ ማንም እንዳያይ። ልጆቹ ያን ማድረግ አልቻሉም። ሙካሶንጋ በ2008 ስለ እናቷ መጽሐፍ ስትጽፍ፣ ያላለበሰቻቸውን መግነዝ በቃል መሥራቷ እንደሆነ ተናግራለች። ስለ ግድያው የሚያወራው ገጽ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ስለ ማሽላው እርሻ፣ ስለ ጎጆው፣ ሴት ልጅ ስለ መዳር ነው። ይህን ስናነብ የራሳችን አልቃሾች ትዝ አሉን፤ እነርሱም በሙሾ የሚያነሡት ሰውየው እንዴት እንደኖረ ነው።

በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በሩን የከፈቱት አራት ልጆቻቸውን በአንድ ሌሊት ያጡ እናት ነበሩ። ሁሉንም በአንድ ሌሊት እንደወለዷቸው ያህል በአንድ ሌሊት እንደተገደሉባቸው የተናገሩት ቃል በዚያው ተጽፎ ይነበባል። ከአባላቶቻችን ወደዚያ የሄዱት ብዙ አልቆዩም። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት ጉርዶች ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ አንዳንዱ ለመታወቂያ የተነሣ ነው፣ አንዳንዱ ከትምህርት ቤት ቡድን ፎቶ የተቆረጠ። እያንዳንዱን ከየቤቱ ግድግዳ ያወረደ አንድ የቤተሰብ ሰው አለ።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ከተማችን ወጣት ናት፤ አብዛኞቻችን፣ ካልሆነም ወላጆቻችን፣ ከሌላ ቦታ መጥተን የሰፈርንባት ናት። ስለዚህ እዚህ ቡና ላይ የሚቀርበው ትዝታ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ከከተማውም ከገጠሩም፣ ከይርጋለምም ከጎንደርም። ሐዋሳ በዚያ ዘመን የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች ቀበሌውም እስር ቤቱም እዚህም ነበር። ደግሞም የከተማዋ የራሷ ሐዘን አለ፤ ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በሎቄ ሰልፍ ወጥተው በጥይት የተመቱት ሰዎች ልጆች ዛሬ አድገው ልጅ ወልደዋል። ያን ቀን በሕግ ቃል ከቀይ ሽብር ጋር አንደባልቀውም፤ አባቷን ያጣችው ልጅ ግን የምትጠይቀው ጥያቄ ያው ነው። ስለ ቅርብ ዓመታት ጦርነቶች ገና ልባችን ስላልረጋ ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል።

የሚከብደው ሌላ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና ከአንድ ማሕፀን አንዱ ኢሕአፓ፣ አንዱ መኢሶን፣ አንዱ አብዮት ጠባቂ የሆነበት ቤት ሞልቷል። በአንድ ዕቁብ የምንጥል፣ በአንድ ዕድር የምንቀብር ሴቶች መካከል የተገደለ ሰው ልጅ አለች፤ የቀበሌ ሹም የነበረ ሰው ልጅም አለች። የሁለተኛዋም ውርስ ከባድ ነው። «አባቴ ሰው አስገድሏል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እኔን ግን ፀጉሬን ሠርቶ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር» ብላ ስትናገር ክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ ምን እንደምንል ጠፋን። ይህን የምትጽፈው ለማን ነው? ማንስ ያነብላታል? ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረንበት፣ እርሷም እንድትጽፍ ተስማምተናል። ሁለት አባላት ግን እስከ አሁን አልተዋጠላቸውም፤ መብታቸው ነው።

ከክርክሩ የወጣው ልማድ ይህን ይመስላል። እናት ስትናገር በስልክ እንቀዳለን፤ ግን አስቀድመን እናስፈቅዳለን፣ «ይቅር» ካለችም እፊቷ እናጠፋለን። ያየችውን፣ የሰማችውን፣ የምትገምተውን በሦስት የተለያየ ቀለም እንጽፋለን፤ ይህን ሐሳብ ያመጣችው የትምህርት ቤት ደብተር ስታርም የኖረች አባላችን ናት፣ ከምሁራኑ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ያቀለለችልን እርሷ ናት። ገዳይ ነው ተብሎ በሹክሹክታ የሚጠራ ሰው ስም በመዝገባችን አይገባም። ፍርድ ቤት የፈረደበት ፍርዱ አለ፤ ያልተፈረደበትን እኛ በወሬ ጽፈን ለልጅ ልጆቻችን ቂም አናወርስም። ይህን ሕግ አንዳንዶች እንደ ፍርሃት ያዩታል። እኛ ግን በአንድ ቧንቧ ውኃ ከሚቀዱ ጎረቤቶች መካከል ሆነን እንደምንጽፍ አንረሳም።

ቋንቋም ነገር ነው። በሲዳሙ አፎ ወይም በወላይትኛ የተነገረን ሐዘን ወዲያው በአማርኛ መጻፍ ግማሹን መጣል ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በተነገረበት ቋንቋ ይጻፋል፤ ከጎኑ ትርጉሙ ይቀመጣል። በሐምሌ ወር ከደጋፊዎቻችን ያገኘነው ገንዘብ የዋለው ለደብተር፣ ለቀለም፣ ለአንድ የድምፅ መቅጃና ትርጉሙን ለሚያርሙልን ሁለት ወጣቶች የትራንስፖርት አበል ነው።

እስከ አሁን ሁለት ደብተሮች ሞልተዋል። በአንዱ ውስጥ «ስም»፣ «የተወለደበት»፣ «የሚወደው ምግብ»፣ «ማን ያሳደገው»፣ «መጨረሻ የታየበት ቀን» ከሚሉት ፊት ለፊት ሁሉ በሰማያዊ ተጽፎበት፣ «የተቀበረበት» የሚለው ብቻ ባዶ ነው። እኅትየው መስመሩ እንዳይሰረዝ፣ ክፍት እንዲቆይ ጠይቃናለች።

ምዝገባው የሚካሄደው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የቁጠባው ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው። እናታችሁን ወይም አክስታችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፤ መምጣት ካልቻሉም ሁለት ሆነን ቤት ድረስ እንመጣለን። ፎቶግራፍ ያላችሁ ዋናውን አትተዉልን። እዚያው በስልክ አንሥተን እንመልስላችኋለን።